ሠርጉ ይለፍ

የካቲት 3፣ ሰኞ

መጻፍ የጀመርኩት ገኒ ስለነዘነዘችኝ ነው። «ከሰው አታወራ፤ ቢያንስ ለወረቀት አውራ» አለችኝ። እሺ። ይኸው።

ገኒ ታላቅ እህቴ ዕፀገነት ናት። አብነት ሰፈር መጋረጃ እየሰፋች የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ ከገና ወዲህ እንደተዘጋ ነው። ሰንጋ ተራ ያለው የኔ ኮንዶሚኒየም ለሆስፒታሉ ይቀርባል ተብሎ መኝታ ቤቴን ለቀቅኩላት። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነኝ። እግሬ ከሶፋው ያልፋል፤ ምን ይደረግ።

የእንቁልጢ፣ የእንቁላል ማምረቻዋ፣ ካንሰር ተመልሷል። ዓምና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ መድኃኒቱንም በደም ሥር ወስዳ «ጠራ» ተብለን ነበር። ዘመድ አዝማድ የሚያውቀው ግን ጨጓራዋን እንደሚያማት ነው። ትንሿ እህታችን መቅዲ እንኳ የምታውቀው ያንኑ ነው። በኛ ቤት የታመመ ሰው ሁሉ የሚያመው ጨጓራውን ነው።

እሑድ ለመቅዲ ሽማግሌ ይመጣል። እናቴ ደውላ «ሠርጉ እስኪያልፍ ስለ ገኒ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ። አልልም አልኳት።

ሌላ ነገር። ዛሬ ሸሚዝ ስቀይር ከግራ ጡቴ ጫፍ ሥር ጠንካራ ነገር ነካሁ። ሽምብራ ታክላለች። አታምም። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ እስክሪብቶ ስለምይዝ ይሆናል።

ነገ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማውጣት አለብኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄዱ። ጌጃ ሰፈር፣ አባባና እማዬ ቤት።

የጴጥሮስ ወገኖች ሦስት ነበሩ። ጴጥሮስ የመቅዲ እጮኛ ነው፣ ባንክ የሚሠራ፣ ሲያዩት ጭምት፤ ክፉ አይደለም። ሰዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። ከዚያ የዘር ቆጠራው መጣ። እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ፣ ልጆቹ ሥጋ አለመሆናቸው ካልታወቀ፣ ቃል አይሰጥም።

አባባ ለዚህ ቀን የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ከፍርድ ቤት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንዲህ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ከራሳቸው፣ ከወልደአማኑኤል ጀምረው አባት በአባት እየጠሩ ሰባት ቤት ወጡ፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ሁሉም ወንድ። እህት፣ አክስት የሚባል ሰው በዚህ ዘር ውስጥ ያለ አይመስልም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅር አይበላችሁ፣ ወግ ሆኖ ነው። በዘሩ የሚያሳፍር ደዌ...»

«በኛ ዘር የለም» አሉ አባባ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

ይቺን ቃል በዚሁ ድምፅ ሰምቻታለሁ። ዓምና ሐኪም ቤት ዶክተር ሰሚራ «በቤተሰብ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ ገኒ ወደ አባባ ዞረች፤ አባባም እንዲሁ ኮታቸውን ቆልፈው «በኛ ዘር የለም» አሏት። ሐኪሟን እንደ ሽማግሌ መለሱላት። ያኔ አልታወቀኝም። ዛሬ ግን ኮቱን ሳይ ጎኔን አንድ ነገር ወጋ አደረገኝ።

ቃል ተሰጠ። ገኒ ከጓዳ እልል ለማለት ሞከረች፤ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራትና ሳል ሆነ። እማዬ ቶሎ ብላ ተቀብላ ጨረሰችላት። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ነው።

ምን ተሰማህ ብባል፣ ምንም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ችኮላ። ሦስት ክፍል አለኝ። ገኒ ሌሊቱን አስመለሳት። ባቡሩ ቆሞ ከልደታ በእግሬ መጣሁ። የሰማኒያ ልጅ ፈተና አልታረመም። ያቺ ነገር እዚያው ናት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዶክተር ሰሚራ ጠራችን። ካንሰሩ እንደተመለሰ የገኒን ደም ለዘረመል ምርመራ ውጭ አገር አስልካው ነበር፤ ዛሬ መልሱ ደረሰ።

ገኒ ከተወለደች ጀምሮ ቢአርሲኤ ሁለት የሚባለው ዘረመል አንደኛው ቅጂዋ የተበላሸ ነው። ከእናት ወይም ከአባት የመጣ። «ወንድሟም እህቷም ዕኩል ዕድል አላችሁ፤ ግማሽ በግማሽ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንተም ተመርመር። ሴት ብቻ አይደለም የሚይዘው። ወንድንም ጡቱን ይይዘዋል።»

«እሺ» አልኩ።

«ታሪካችሁን ዓምና ባውቀው ኖሮ ያኔውኑ እልከው ነበር። ለዚህ ዓይነቱ የሚሆን ኪኒን አለ። በደም ሥር ከወሰደችው መድኃኒት ቀጥሎ ነበር የምንጀምረው።» ማንንም አልወቀሰችም። ኪኒኑን አሁንም እንሞክራለን አለች፤ «እንሞክራለን» የምትለዋን ቃል ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሊፍቱ አይሠራም ነበር። በየፎቁ እየቆምን ወጣን።

እኔ ይህን አስተምራለሁ እኮ። ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ ቀስት እያደረግኩ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

«እስቲ እንደ ተማሪህ አስረዳኝ» አለች ገኒ ዛሬ ማታ። «ግን እንዳትጮህብኝ። ስታስተምር ትጮሃለህ ይባላል።»

ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው አልኳት። በጨረር፣ በኬሚካል፣ አንዳንዴ እንዲሁ በራሱ ሥራ ይበጠሳል። አንዱ ክር ቢበጠስ ቀላል ነው፤ ሌላው አለ። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ግን ጣጣ ነው። ያኔ ህዋሱ ጫፍና ጫፉን አምጥቶ ዝም ብሎ ሊቋጥረው ይችላል። ፈጣን ነው፣ ግን መሀል ላይ የነበረው ፊደል ሊጠፋ ይችላል። አለዚያ ደግሞ፣ ህዋሱ ሊከፈል ሲል ዲኤንኤውን አባዝቶ ስለሚይዝ፣ አጠገቡ ያለውን ደህናውን ቅጂ አይቶ ይጠግናል። የተበጠሰው ጫፍ ይላጥና አንዱ ክር ለብቻው ይቀራል። ራድ ሃምሳ አንድ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተደርድረው ይሸፍኑታል። ይዘውት ደህናው ቅጂ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙ መሀሉ ያስገቡታል፤ የጎደለው ከዚያ ይገለበጣል። የሚጠፋ ፊደል የለም።

ገኒ ትራሷን አቃናች። «መጋረጃ ነው በለኛ! ጥንድ መጋረጃ አንዱ ቢቀደድብኝ ዝም ብዬ ጫፉን ይዤ አልጠቅመውም፤ አበባው ይጣመማል። ደህናውን ዘርግቼ፣ አበባው የት ጋ እንደሚገጥም እያየሁ ነው የምሰፋው።»

«በቃ እሱ ነው።»

«እና የኔ ምኑ ነው የጎደለው? ጨርቁ?»

ጨርቁም አለ፣ ሰፊዎቹም አሉ አልኳት። ቢአርሲኤ ሁለት ሰፊዎቹን እጃቸውን ይዞ ቀዳዳው ጋ የሚያደርሳቸው ፕሮቲን ነው። ከእናትና ከአባት ሁለት ቅጂ ይሰጠናል፤ ያንቺ አንዱ ስትወለጂም የተበላሸ ነበር፣ አንድ ቀን አንድ ህዋስ ውስጥ ሁለተኛውም ጠፋ። ሰፊ የሚጠራ ሲጠፋ ህዋሱ ዝም ብሎ ሲቋጥር፣ ሲቋጥር ይኖራል። ከዚያ ነው ካንሰር የሚሆነው። ኪኒኑ ደግሞ የካንሰሩን ህዋስ የቀረውን ሌላ መጠገኛ ይዘጋበታል። ጤነኛው ህዋስ በቢአርሲኤው ይተርፋል፤ የታመመው ግን መውጫ ያጣል።

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው፣ ስለሚያማት። «ሰፊው አለ፣ የሚጠራው ነው የጠፋው! ወይ ጉድ። የኛ ቤት ነዋ!»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሶፋዬ ላይ ተመልሼ ተኛሁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

እማዬ መጥታ ነበር። ገኒ እንቅልፍ ላይ ሳለች ኩሽና ጠርታኝ «ከኔ ነው አይደል?» አለችኝ። የአባባ ወገኖች ድሮም «የተናኘወርቅ ልጆች ደማቸው ቀጭን ነው» ይሏት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አምናቸው ኖራለች።

የእማዬ እህቶች ግን ሁሉም በሕይወት አሉ። ታላቋን ጉልበቷን ያማታል፤ በቃ። እናቷም አርጅታ ነው የሞተችው። ከእሷ ሊሆን ይችላል ወይ ብዬ ባስበው ባስበው አልመጣልኝም። ይህን ልነግራት ሲገባ «አታልቅሺ እስቲ» ብዬ ውኃ ቀዳሁላት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ ኪስ ቀይሬዋለሁ። ለውጥ የለውም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

እትዬ ባፈና ዘንድ ሄድኩ። የአባባ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከአባባ እህቶች ጋር አንድ ቤት ያደጉ። አብነት፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤት። የብየዳው ድምፅ አያስወራም፤ እሳቸው ግን ለምደውታል።

«እትዬ፣ አክስቶቼ በምንድነው የሞቱት?»

«ወርቅያንጥፉን ምች ነው የመታት። ትደነቅያለሽን ጨጓራ።» እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ነው የሚሉት።

«እትዬ፣ ገኒ ታማለች። ጨጓራ አይደለም።»

ራዲዮናቸውን ዘጉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ወርቅያንጥፉ ጡቷ ነው» አሉ። «ቆስሎ፣ ሸትቶ፣ በመቀነት ጠፍራው ነበር የምትውለው። ትደነቅያለሽ ደግሞ ሆዷ ሲነፋ እርጉዝ ናት አሏት። ባል እንኳ የላት! በዚያ ስሟ ጠፍቶ ነው የሞተችው።»

«ለምን ተደበቀ?»

«አንተ ልጅ፣ ያላገባን ሴቶች ነበርንና! ያ ቤት ደዌ አለበት ከተባለ ማን ሽማግሌ ይልክልናል? አያትህ ሁላችንንም አስማለን። አባትህን አስማለ፣ እኔን አስማለ። ሆድ ይፍጀው አለን። ፈጀው።» ከዚያ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «አጎትህም አለ» አሉ። «ደረቱ ላይ አብጦ ፈንድቶ። ፈረስ ረገጠው ተባለ።»

«ፈረስ ነበረው እንዴ?»

«ከየት አምጥቶ!»

ሻዬን ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር። ሲሸኙኝ ግንባሬን ሳሙኝና «መሐላዬን አፈረስኩ፤ አንተ ንስሐ ግባልኝ» አሉ። በእግሬ ነው የመጣሁት። አንድ ሰው ሰላም ብሎኝ ማን እንደሆነ እስካሁን አልመጣልኝም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አባባን ለብቻቸው አገኘኋቸው። እትዬ ባፈና የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ዶክተሯ ስትጠይቀኝ አፌ ራሱ ነው የመለሰው» አሉ። «ከልጅነቴ ስለው የኖርኩት ነው። እውነት ይሁን ውሸት ማሰብ ከተውኩ ቆየሁ።» ከዚያ እጃቸውን አዩ። «ልጄን ገደልኳት?»

አይ አባባ ማለት ነበረብኝ። ወይም አዎ። «መቅዲ መመርመር አለባት» ብቻ አልኩ።

«ሠርጉ ይለፍ። እኔው ራሴ ጠርቼ እነግራታለሁ። አሁን ቢሰማ ያ ልጅስ? ወገኖቹስ? በኛ ዘር የለም ብያለሁ እኮ፣ በሽማግሌ ፊት።»

እሺ አልኩ። እንዴት ቀላል ነው እሺ ማለት። በሩ ላይ ስንሰነባበት «አንተስ ደህና ነህ?» አሉኝ፤ ደህና ነኝ አልኳቸው። አባባ ስለ ቃላቸው፣ እኔ ስለ ሽምብራዬ። ሁለታችንም ሠርጉ ይለፍ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የዲኤንኤ ጥገና አስተማርኩ። ገኒ መጋረጃውን ጠቅሼ እንዳስተምር ፈቅዳልኛለች፤ ተማሪ ሁሉ ገባው፣ የኋላ ወንበሮቹ ሳይቀሩ።

ሙስአብ የሚባል ልጅ፣ ሁልጊዜ ጥያቄ የማያልቅበት፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ወንድስ ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል።»

«እና ወንድ እንዴት ያውቃል?»

«ጡቱ ላይ እብጠት ሲያገኝ፣ ወዲያው ሄዶ ይታያል» አልኩ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ያልተሳሳተ ፊደል አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። አስመሳይ! ለልጅ መምከር ሲሆን እንዴት ይቀናኛል።

አሁን ሽምብራ አይደለችም። ባቄላ ናት።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ኪኒኑ ሆዷ አልረጋ አለ። ዶክተር ሰሚራ መጠኑን ቀነሰችላት፤ ያም አልሆነም። ሆዷ ውስጥ ውኃ ይሞላል፣ ይቀዳላታል፣ ይሞላል።

ዛሬ ትንሽ ደህና ነበረች። መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ታች ያለውን የግንባታ ቆርቆሮ፣ የሚመጣውን የሚሄደውን ሰው እያየች ቆየችና «ቃልዬ» አለች። እንዲህ የምትለኝ ልትለምነኝ ስትል ነው። «ስሞት ድንኳን ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምታወሩት?»

«አትሞቺም» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ተወኝ እስቲ። ሰው ይጠይቃችኋል። ምን ሆና ሞተች ይላል። ጨጓራ ልትሉ ነው?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ገኒ ታማ እንኳ አታለቅስም ነበር። «ጨጓራ ብላችሁ እንዳትቀብሩኝ። እንደ ትደነቅያለሽ ስሜን አጥፍታችሁ እንዳትቀብሩኝ። የታመምኩትን በስሙ ጥሩት።»

ቃል ገባሁላት።

«ማልልኝ።»

«መሐላ አይበቃንም በዚህ ቤት?»

ሳቀች። ከዚያ ድንገት «ደረትህን ምን ሆነህ ነው ሁልጊዜ የምትነካካው?» አለችኝ።

«እስክሪብቶ ነው።»

ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶ አልነበረም። አየችው። አንጀቴን በላችው፣ ግን አፌ አልከፈት አለ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ገኒ ሁለት ጉርሻ። መቅዲ ቬሎ ለክታ መጣች፣ ፎቶ አሳየችን። «ገኒዬ፣ ጨጓራሽ እስከ ሠርጌ ይሻልሻል አይደል?» ገኒ «ምን ቆርጦት!» አለቻት። እኔ ሳህን ላጥብ ተነሣሁ።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ተሠረገ።

ገኒ ዊግ አድርጋ፣ ወርቃማ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ቀሚሱ ውስጥ የአልጋ ልብስ ጠቅልላ ነው ወገቧን የሞላችው፤ ከሆዷ ውጪ ያለው ሰውነቷ አልቋል። የአዳራሹ ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» አላት። መቅዲ እየጨፈረች መጥታ አቀፈቻትና ፊቷ ተለወጠ። በቀሚሱ ላይ ጎኗን ዳበሰች። አጥንት ነው ያገኘችው። ሙዚቃው እየሄደ ነው፤ መቅዲ ቆማለች። እኔን አየችኝ። ዓይኔን ወደ ኬኩ አደረግኩ።

አባባ መርቀው አበቁ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

አለፈ። ሠርጉ አለፈ። ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ነገ ግን የሞዴል ፈተና ስብሰባ አለ። ፈተናው ይለፍ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ልደታ። ሰፈሩ ሁሉ ውጪ ነው፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ መንገድ ላይ እሳት ነድዷል። እኔ ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሆስፒታል። ገኒ ከማክሰኞ ጀምሮ ተኝታለች።

ለመቅዲ የነገረቻት ገኒ ራሷ ናት። አባባን አልጠበቀችም፣ እኔን አልጠበቀችም። መቅዲ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ባል አግብቻለሁ! ልጅ መሆኔ መቼ ነው የሚያበቃው እናንተ ዘንድ?» ሰው እየዞረ ያየናል። «ባዮሎጂ መምህር ነህ እኮ አንተ። አንተ እንኳ!»

ጴጥሮስ ክንዷን ይዞ ነበር። እሱም ሰምቷል፤ አልሸሸም፣ አብሯት ቆሟል። ለዚህ ልጅ ነው ያንን ሁሉ የደበቅነው። መቅዲ ትናንት ለምርመራው ደም ሰጥታለች፣ ውጤቱ ገና ነው።

«አንተስ ሰጠህ?» አለችኝ።

«ፈተናው ይለፍ።»

ከእጄ ቦርሳዬን ነጥቃ ወለሉ ላይ ጣለችው። አንሥቼ ያዝኩት።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ገኒ ዛሬ ጠዋት ሞተች። እጇን ይዤ ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እስኪጠሩኝ ድረስ በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

ትናንት ቀበርናት። ድንኳኑ ጌጃ ሰፈር በራችን ላይ ተተክሏል። ዛሬ ከንጋት ጀምሮ አባባ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ሰው ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል። ማልቀስ አልቻልኩም ነበር። ትናንትም አላለቀስኩም። «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ» ሲሉኝ ዋሉ።

ረፋድ ላይ ጋሽ አብዱልሃኪም ገቡ። በር ለበር ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ገኒን ከረሜላ እየሰጡ ያሳደጓት። ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ከርመው መርዶውን ሰምተው ነው የመጡት። ተቀመጡ። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ። «ልጄን ምን አገኛት?»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሄደ። «ጨጓራ...» አሉ።

«ጨጓራ አይደለም፣ ጋሼ» አልኩ።

የክፍል ውስጥ ድምፄ ነው የወጣው። ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። «ካንሰር ነው። በዘር የሚወርድ ነው። ከኛ ቤት ነው የመጣው። ወርቅያንጥፉን የገደላት እሱ ነው፣ ምች አይደለም። ትደነቅያለሽም እርጉዝ አልነበረችም። አጎቴን ፈረስ አልረገጠውም። እኔም እዚህ ጋ እብጠት አለኝ፣ ከየካቲት ጀምሮ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚህ በኋላ ነው ፍርሃት የመጣው። ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልተሰማኝም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት፣ ፈርቼ ነበር። ሞትን ፈርቼ ነበር። ገኒ ስትሞት እያየሁ ስለ ራሴ ነበር የምፈራው፤ እሱን አልጽፍ ብዬ ነው።

ከሴቶቹ ወገን እትዬ ባፈና ብድግ አሉና «ወርቅያንጥፉዬ! ትደነቅያለሽዬ! እህቶቼ!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ስማቸው በለቅሶ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ተከተለች። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ፤ ጮኼ፣ አፍንጫዬ እስኪደፈን፣ ጋሽ አብዱልሃኪም ትከሻ ላይ። ለገኒ አለቀስኩላት።

መቅዲ ጥቁሯን እንደለበሰች የወንዶቹን ረድፍ ሰንጥቃ መጣች። ስልኳ እጇ ላይ ነው። «ዶክተር ሰሚራን አግኝቻታለሁ። አሁኑኑ ይምጣ ብላለች። ጴጥሮስ መኪና አስነሥቷል። ተነስ።»

የዕድሩ ዳኛ እጃቸውን አነሡ። «ሣልስቷ ሳይወጣ የሟች ወንድም ከድንኳን አይወጣም። ነገ ከነገ ወዲያ ቢሆን ምን አለበት፣ ይለፍ።»

«አይለፍ» አሉ አባባ።

ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ። ክንዴን ይዘው በሰው መሀል አሳልፈው እስከ መኪናው ድረስ አመጡኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብለው ሰው ምን ይላል ብለው አላዩም። በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል መስኮቱን አንኳኩ፣ ዝቅ አደረግኩት። ፊታቸው ርሶ ነበር።

«ዶክተሯ ስለ ዘርህ ስትጠይቅህ» አሉኝ፣ «በአባቴ በኩል ነው በላት።»